የቀርከሃው ወሰን ሙግት

በጃንሆይ ዘመን እንጅባራ የወረዳ ዳኛ ነበርሁ። አንድ ማለዳ በበቅሎ ወደ ችሎት ስሄድ፣ አንዱ ሽማግሌ ሌላውን አዝሎ ወንዝ ሲያሻግር አየሁና «ወንድም እንዲህ ነው እንጂ!» ብዬ ተደነቅሁ።

ችሎት ስሰየም ሁለቱ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው ከፊቴ ቆሙ! በማሳቸው ወሰን ላይ ለበቀለ ቀርከሃ ክረምት ከበጋ ሲካሰሱ ኖረዋል።

ያ አዝሎ ያሻገረው፣ ከሳሹ፣ «ይህ ሌባ መሬቴን በላኝ!» ብሎ ጮኸ። የታዘለው ደግሞ «በጃንሆይ አምላክ! ውሸቱን ነው!» አለ።

ለምሳ ስወጣ ዛፍ ሥር ከአንድ አገልግል ሲጎራረሱ አገኘኋቸው። እንዲህ የሚዋደዱ ሰዎች በከንቱ ሲንገላቱ አንጀቴ አልቻለም። ከሰዓት ቀርከሃውን ለከሳሹ ፈረድሁና ሙግቱ አለቀ አልሁ። ሁለቱም ሰው እንደሞተባቸው አንገታቸውን ደፉ።

«ይግባኝ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብል ከሳሹ ነው።

«አባቴ፣ እኔ እኮ የፈረድሁት ለእርስዎ ነው!»

«ገብቶኛል ጌታዬ። ይግባኙ ግን የሚታየው ዳንግላ አይደል? እኔና እሱ ዳንግላን አብረን አይተናት አናውቅም።»