ለለቅሶ ያልሆነው ቲኬት

ያ ጉዞ ገዴን አስከፈለኝ። ገድ ምን እንደሆነ ነጋዴ ያውቀዋል። ጠዋት ሱቅ ስትከፍት ቀድሞ የሚገባ፣ ሳይከራከር የሚገዛ፣ ቀንህን የሚያቀናልህ ሰው ነው። የኔ ገድ እትዬ አስካለ ነበሩ።

ስቶክሆልም ጫፍ ባለችው ሰፈር፣ ፊቲያ ላይ፣ የአውሮፕላን ቲኬት መሸጥ በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ የገቡት እሳቸው ናቸው። ሱቋ በልብስ ሰፊና በፀጉር ቤት መካከል የተወተፈች ጠባብ ክፍል ነበረች። ኮምፒውተር፣ ማተሚያ፣ ሁለት ወንበር፣ አለቀ። ንግድ የተማርኩት መርካቶ ሱቅ በደረቴ ይዤ ስዞር ነው፤ ሌላ ዲፕሎማ የለኝም።

«እናቴን ትንሽ አሟታል ብለውኛል። ቶሎ የሚሄድ ፈልግልኝ» አሉኝ።

ወንድማቸው ጋሽ ታደሰ ስፖንጋ ከሚባለው ሌላ ሰፈር ቀድመው ደውለውልኝ ነበር። እናትየው ተቀብረዋል። «እንዳትነግራት፣ ዝም ብለህ ቁረጥላት» ብለውኛል። ዝም ብዬ ቆረጥኩ። እትዬ አስካለ ወረቀቱን ተቀብለው የመመለሻውን ቀን እንኳ ሳያዩ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «አሟታል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እሳቸውም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ።

«እግዜር ይማርልዎ» አልኩ።

«አሜን» አሉ።

ሥራውን የተማርኩት ያን ቀን ነው። ሁለተኛውን ትምህርት ለመማርም ብዙ አልቆየሁም፦ ለሀበሻ የማይቀየር ቲኬት አይሸጥም። መቼ ሰው እንደሚሞትበት አይታወቅማ።

እትዬ አስካለ ሄምትያንስት በሚባለው የማዘጋጃ ቤት ሥራ የስዊድን አዛውንቶችን ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያጥቡና ሲያበሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ የሸጥኩላቸው ቲኬት ለለቅሶ ነው። ለአክስት፣ ለታላቅ ወንድም፣ ለክርስትና ልጅ። ጡረታ በወጡ ሰሞን ገብተው ቁጭ አሉና፣

«በለጠ፣ ለለቅሶ ያልሆነ ቲኬት የለህም?» አሉ።

«የት አገር እትዬ?»

«የማውቀው ሰው የማይሞትበት።»

ጓቲማላን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የሀበሻ ማኅበራችን ሰዎች በየዓመቱ አንድ ላይ ይጓዛሉ፣ እኔም እመራቸዋለሁ። ስፔኖች በቅኝ ግዛት ዘመን የሠሩት ከተማ አለ፣ እሳተ ገሞራ አለ፣ ማያ የሚባሉ ሕዝቦች የተዉት የድንጋይ ፒራሚድ አለ ብዬ አስረዳሁ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ወርቁ፣ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፣ ሳቁብኝ።

«ያረጀ ከተማ፣ የሚጤስ ተራራ፣ የቆመ ድንጋይ። ይሄማ ጎንደር፣ ኤርታሌና አክሱም ነው። አገራችን አትወስደንም?»

«አገራችን ከሄድንማ ቤት ለቤት ለቅሶ ስንደርስ ያልቅብናል» አሉ እትዬ አስካለ። ነገሩ በዚህ ተቆረጠ።

እትዬ አስካለ ለጉዞው ሲነሱ ስልካቸውን ፊቲያ ጥለው ነው የመጡት። «የደወለ ሁሉ ሞት ነው የሚያወራኝ፤ የሚፈልገኝ በአንተ በኩል ይፈልገኝ» አሉ።

ከተማው አንቲጓ ይባላል። መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ይጨርሳል። ቤተ ክርስቲያኖቹን የመሬት መንቀጥቀጥ ግማሽ ግማሻቸውን ወስዷቸዋል። እትዬ አስካለ ጣሪያ በሌለው ቅጥር መሃል ቆመው ተሳለሙ። «ጣሪያው ቢወድቅ ባለቤቱ አልሄደም» አሉ።

በማግስቱ ተራራ ወጣን። ከሥሩ ፈረስ የሚያከራዩ ሰዎች «ታክሲ! ታክሲ!» እያሉ ይከተሉሃል። እትዬ አስካለ ተሳፈሩ። ከላይ ድንጋዩ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው፣ አንዳንዱ ስንጥቅ አሁንም ይተነፍሳል። እሳቸው እጃቸውን እንፋሎቱ ላይ ሲያሞቁ ስልኬ ጠራ።

የወንድማቸው የጋሽ ታደሰ ልጅ ሣራ ናት። እዚሁ ስዊድን ነው ያደገችው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። አባቷ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ሆስፒታል ገብተዋል። ሐኪሞቹ ዘመድ ካለ ይምጣ ብለዋል፤ ነፍሳቸው አለች፣ አትቆይም። እትዬ አስካለን የምትጠራቸው ፋስተር፣ የአባቴ እህት፣ እያለች ነው።

«ለፋስተር ስጣት» አለችኝ።

አጠገቤ ሆነው የሰሙት ጋሽ ወርቁ እጅጌዬን ጎተቱኝ። «ዝጋው። መርዶ ተራራ ላይ አይነገርም።»

«መርዶ አይደለም ጋሽ ወርቁ። ሰውየው አሉ።»

«ታሟል ብትላት ታሟል ብላ የምትሰማህ ይመስልሃል? ሞተ ብላ እዚህ ገደል ላይ ትወድቅብናለች። በሰበብ ቶሎ እናሳፍራት፣ እዚያ በዘመድ መሃል ትስማ።»

ለሣራ እንልካቸዋለን ብያት ዘጋሁ። የሚቀየር ቲኬት በእጄ ነው። ወደ ማረፊያችን እንደተመለስን ቀየርኩት፤ የቀረው ሰበቡ ነበር።

«እትዬ፣ አየር መንገዱ በረራ አስተካክሏል። የእርስዎ ነገ ጠዋት ሆኗል።»

«የኔ ብቻ?»

«የእርስዎ ብቻ።»

«ምን ሆኖ?»

«ሲስተሙ ነው።»

«በለጠ፣ ሲስተሙን ለስዊድኖች ንገራቸው! የፒራሚዱን ቦታዬን ለሌላ ሽጠኸዋል።»

«አስካለ፣ እሺ በይው» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«አንተም ተካፍለሃል ማለት ነው! ለለቅሶ ሂጂ ስባል በሌሊት ተነስቼ ሄጃለሁ። ይሄ የኔ ነው፤ ሳላይ ንቅንቅ አልልም።»

መርካቶ ላይ ውሸት ሸጬ አውቃለሁ። አንድም ቀን እንደዚያ ዕለት ገዢ አላጣሁም። ጋሽ ወርቁን አየኋቸው፤ እንዳትነግራት በሚል ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ቲኬቱን ወደ ነበረበት መለስኩት።

ሣራ በማግስቱ ደወለች። አሳፍረሃታል ወይ አለችኝ። እምቢ ብለዋል አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም አልኳት። ከዚያ በስዊድንኛ፣ «እናንተ ሰው ሳይሞት መናገር አትችሉም?» ብላ ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲያ ስደውልላት አላነሳችም።

ፒራሚዶቹ ጫካ ውስጥ ናቸው፤ ቲካል ይባላል። ዝንጀሮዎቹ እንደ አንበሳ ይጮኻሉ። ከአንዱ ፒራሚድ ጎን የእንጨት ደረጃ ተሠርቶለታል። እትዬ አስካለ በጉልበታቸው እያማረሩ ወጡ፣ እኔ ከታች ቀረሁ። ሣራ ያኔ ደወለች። አንድ ቃል ነው ያለችው፦ «አበቃ»።

እትዬ አስካለ ከላይ ነጠላቸውን እያውለበለቡ ጮኹ። «በለጠ! ቦታዬን ስላልሸጥክብኝ እግዜር ይስጥህ! አንሳኝ!»

አነሳኋቸው። ፎቶው ላይ ይስቃሉ።

ስቶክሆልም በገባን ማግስት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ዘመድና የማኅበሩ ሰው ተሰብስቦ እትዬ አስካለ ደጃፍ ቆምን። እንደ ወጉ ነው። በሩን ከፍተው ነጠላ ለባሹን ሁሉ አዩ፤ የጠየቁት «ማነው?» ብቻ ነው። ተነገራቸው። የሚለቀሰው ተለቀሰ። ፊታቸውን ከታጠቡ በኋላ ሣራን መቼ እንደሆነ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ወደኔ ዞሩ።

«ቀድመሽ ተመለሺ ያልከኝ ለዚህ ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«ምነው አሞታል ብትለኝ?»

«አሟቸዋል ብልዎት ያምኑኝ ነበር?»

«አላምንህም። ሞቷል ብዬ እያለቀስኩ እመጣ ነበር። መጥቼ በሕይወት አገኘው ነበር።»

ጋሽ ወርቁ መሬት መሬት አዩ።

ለቀብሩ ደርሰዋል። እዚህ አገር ቀብር ሳምንታት ይቆያል፣ ሬሳ ይጠብቃል። የማይጠብቀው በሽተኛ ነው።

አሁን ቲኬት ከመቁረጤ በፊት ደንበኛውን እጠይቃለሁ። መንገድ ላይ ሳለህ የታመመብህ ቢኖር ልንገርህ? ሁሉም ንገረኝ ይላል። በጓደኛው ሲደርስ ግን ያው ሰው እጅጌዬን ይይዛል። እጄን አስለቅቄ እነግራለሁ። የሚቀየር ቲኬት የሚጠቅመው በጊዜ ለተነገረው ነው።

እትዬ አስካለ ዛሬ ቲኬት የሚገዙት ኖርስቦሪ ሰፈር ካለ ሌላ ነጋዴ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል። ፎቶውን ልስጥዎ ብያቸው አልፈልግም ብለውኛል፤ እኔ ጋር አለ።

ቀሪ ሂሳብ፦ ፒራሚዱ ታየ፣ ወንድም አልታየም፣ ገዴ ሄደ።