በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩት ስኳር

በእኛ በእስቴ «እንዴት ነሽ?» ሲሉሽ መልሱ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥርሴን ሲጠዘጥዘኝ እንደዚያ ብያለሁ። ወገቤ ተቆርጦ ቀና ማለት ሲያቅተኝም ብያለሁ። የመጨረሻ ልጄን ሳምጥ አማቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው «እንዴት ሆንሽ ልጄ?» ቢሉኝ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብዬ ነው የጮኽኩት። እንኳን እሳቸው በሬውም ደንግጧል አሉ።

እናም ያን ሰሞን ውሃ ጥሙ ሲበረታብኝ፣ ዓይኔም ብዥ ሲልብኝ፣ መካነ ኢየሱስ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ ፊት ተቀመጥኩ።

«ምን ይሰማዎታል እናቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሱማ ይመስገን። እርስዎስ?»

 እስከዚያች ቀን ድረስ እሱንና እኔን ለይቶ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ደሜን አይታ ስኳር ነው አለችኝ። ኪኒን ሰጠችኝ፤ በየቀኑ ጠዋት ከቁርስ ጋር። ከዚያ የምክር ዝናብ አወረደችብኝ፤ ቀስ ብለው ያላምጡ፣ ሲጠግቡ ያቁሙ፣ ሰውነትዎን ያዳምጡ። ማንበብና መጻፍ እንደምችል ስነግራትማ ደስ አላት። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ጽፈው ጨርሰው በጣሉት ደብተር ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። «እንግዲያው ደብተር ይያዙ። ምን እንደበሉና ምን እንደተሰማዎት በየቀኑ ይጻፉልኝ» አለችኝ።

መጻፉ አልከበደኝም። ያስቸገረኝ «ሲጠግቡ ያቁሙ» ያለችው ነው። ጠገብኩ ማለት በእኛ ዘንድ የሆድ ነገር ሳይሆን የአፍ ነገር ነው። ሰው ቤት ሄጄ ገና ሳልጀምር ጠገብኩ እላለሁ፤ ይሉኝታ ነው። ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ትለኛለች፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላም ሁለተኛውን ትደግማለች። እኔም ተራዬ ሲደርስ በእንግዳዬ ላይ እንዲሁ አደርጋለሁ። ሰው ቤት የማቆመው ሞሰቡ ሲነሳ ነው፤ ቤቴ ስሆን ደግሞ ለሌላው እንዲተርፍ ብዬ ነው። አርባ ስምንት ዓመት ስበላ ሆዴን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም። አሁን ብጠይቀውስ በምን ቋንቋ ይመልስልኛል?

ይህን ሳልፈታው ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ቁርስ የለም፤ ኪኒኑ ደግሞ ከቁርስ ጋር ነው። እኔም ብልሃተኛ ነኝና ሁለቱን አስታረቅሁ። ኪኒኑን ጎህ ሲቀድ በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥ፤ እህሉን እንደ ወትሮው ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። መድኃኒቱንም አልተውኩ፣ ጾሙንም አልሻርኩ አልኩና በራሴ ኮራሁ።

ከዚያ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ አንድ ነገር ይመጣብኝ ጀመር። ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። ላብ ያጠምቀኛል። ልቤ ይመታል፣ ከንፈሬ ይደነዝዛል፣ የሰው ድምፅ ከወንዝ ማዶ ይመስለኛል። ፈራሽ ወይ ብትሉኝ፣ አልፈራሁም፤ ይልቁንስ ደስ አለኝ። ስንት ሁዳዴ ጾሜ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶኝ አያውቅም። «ዘንድሮስ ጾሙ ያዘኝ፤ ጸጋ መጣልኝ» ብዬ ግድግዳ ተደግፌ አመሰግን ነበር። እንደውም ሰዓቱ ሲዘገይ እናፍቀው ጀመር።

አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ መጣ። አመሰገንኩ። ቀጥሎ የማውቀው መሬት ላይ መጋደሜንና ፊቴ በውሃ መራሱን ነው። ውሃውን የረጨችኝ ጎረቤቴ ናት፤ አፏ ስለት፣ ልቧ ቅቤ፣ በአንድ ማኅበር የምንጠጣ ሴት።

«ምነው፣ ጥለሽን ልትጸድቂ ነው?» አለችኝ። «ቢያንስ እህልሽን አስፈጭተሽ ሂጂ እንጂ!»

«ፀሐይ ነው» አልኳት። ስኳር አለብኝ ማለት አፈርኩ። በእኛ ሰፈር ያ በሽታ የባለጸጋ በሽታ ነው፤ ምን በልታ አመጣችው ይላሉ።

ባሌ ባጃጅ ላይ ጭኖ ወደ ነርሷ ወሰደኝ። ደሜን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ኪኒኑን እንዴት እንደምውጥ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ደብተሬን ገለጠችና ጮክ ብላ ታነብ ጀመር።

«ሰኞ፤ ምን ተሰማኝ፤ ተመስገን። ማክሰኞ፤ ተመስገን። ረቡዕ፤ ተመስገን...» ቀና አለች። «እናቴ፣ ይሄ እኮ የጸሎት መጽሐፍ ነው። መንቀጥቀጡ የታለ? ላቡ የታለ?»

«እሱን ነው ተመስገን ያልኩት።»

«እሱ እኮ ሰውነትዎ ነው፤ ድረሱልኝ እያለ ሲጮህ የነበረ!»

ከዚያ የተናገረችው ደግሞ ጭራሽ አዞረብኝ።

«ስኳር ነው ያመመዎት፤ ስኳር አይብሉ።»

«እሺ።»

«ስኳር ደግሞ ከእጅዎ አይለይ። በጨርቅ ቋጥረው ይያዙ።»

«አንቺ ልጅ፣ ትቀልጅብኛለሽ?»

አልቀለደችም። ኪኒኑ ያለ እህል ሲዋጥ ስኳሩን ከልክ በታች ያወርደዋል፤ ሲበዛ ቀስ ብሎ ይጎዳል፣ ሲወርድ ግን ጊዜ አይሰጥም አለች። ያ መንቀጥቀጥ ሲጀምረኝ ወዲያው ስኳሩን እንድልስ፣ ካሳለፍኩት ግን ሌላ ጊዜ ላልነሳ እንደምችል ነገረችኝ። ባሌ ይህን ሲሰማ ኮፍያውን አወለቀ፤ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል።

በማግስቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ሲማሩ ያደጉ ሽማግሌ ናቸው።

«አባቴ፣ ግራ ገባኝ» አልኳቸው። «ጸጋ ያልኩት በሽታ ነው አሉኝ። እንግዲህ ከዚህ በፊት ጸጋ ያልኩት ሁሉ ምን ነበር?»

ሳቁ። «በተማሪ ቤት ሳለሁ ርቦኝ ሳዜም ክንፍ ያወጣሁ ይመስለኝ ነበር። መንፈስ ነው እል ነበር። አንዲት ሴት ቁራሽ እንጀራ ስትሰጠኝ ክንፉ ጠፋ።»

«ታዲያ መንፈስ አልነበረም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ? አንቺ ግን አትጹሚ። እኔ ነኝ ያልኩሽ፤ ቢጠየቅ በእኔ ይጠየቅ። በጾሙ ፈንታ እያንዳንዷን ጉርሻ አስተውለሽ ብይ። ምን እንደሆነች ሳታውቂ አትዋጪ፤ ስታውቂያት አመስግኚ።»

«ይሄስ ከጾሙ ይቀላል አባቴ?»

«ሞክሪውና ትነግሪኛለሽ።»

አይቀልም። በሁዳዴ ጠዋት፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ብቻዬን ለመብላት ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ ብቻዬን በልቼ አላውቅም። የሚያጎርሰኝ የለ፣ «በሞቴ» የሚለኝ የለ። ሹሮው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት መብዛቱን ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ ለካ ዕድሜ ልኬን የማበዛው እኔ ነኝ፣ ማንም አልነገረኝም። ባቄላዋን አላመጥኩ፣ ማሳው ታየኝ፣ አረሙ ታየኝ፣ አመሰገንኩ። ግማሽ እንጀራ ላይ ስደርስ ቆምኩና ሆዴን «በቃህ?» አልኩት። ዝም። ትንሽ ጨመርኩለት። አሁንም ዝም። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እንደ እርጉዝ ስጠብቅ ጎረቤቴ ከአጥር ማዶ ተጣራች።

«አንቺ! በጠዋት የምን ጭስ ነው? ሁዳዴ ተፈታ እንዴ?»

«ቆሎ እየቆላሁ ነው!» አልኳት፣ አፌ እህል ሞልቶ።

ይህን ውሸት ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። ልጽፈው ፈልጌ ነበር፤ ከምን መደብ እንደሆነ ግን ጠፋኝ። የበላሁት አይደለም፣ የተሰማኝ ነው ወይ? ማፈሬ ሰውነት ላይ ነው ያለው ወይስ ሌላ ቦታ? ፊቴ ግን ሲግል ይታወቀኛል።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስቅለት ደረሰ። ነርሷም አባም ብይ ብለውኛል። የሆነስ ሆኖ በስቅለት ጠዋት እህል እንዴት ይወርዳል? ሦስት ጉርሻ በልቼ ተውኩት፤ ኪኒኑን ግን ዋጥኩ። ያው ስህተቴን መድገሜ ነው፤ እያወቅሁ ደገምኩት። ስኳሩን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ስግደቱ መቼም ታውቁታላችሁ። ጎንበስ፣ ቀና፤ ጎንበስ፣ ቀና። ከእኔ ቀጥላ የምትሰግደው ጎረቤቴ ናት፤ ከሐሙስ ጀምራ እህል ውሃ አልቀመሰችም፣ እስከ ትንሣኤ አክፍላለች። ቀትር ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ዘወር ብዬ ባይ የሁሉም ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ላበኝ፤ ሁሉም አልቦታል። ልቤ መታ፤ የማን ልብ አይመታ? ሰውነትዎን ያዳምጡ ብላኛለች፤ ግን መቶ ሰው አብሮ በሚንቀጠቀጥበት የራሴን መንቀጥቀጥ በምን ልለየው? ከንፈሬን በምላሴ ነካሁት። የደነዘዘ መሰለኝ። አልደነዘዘም ይሆናል። በስቅለት፣ በጌታ ፊት፣ በመሰለኝ ብቻ ስኳር ልላስ?

«ላልነሱ ይችላሉ» ያለችው ትዝ አለኝ። አጥሩ ሥር ተቀመጥኩና ቋጠሮዬን ፈትቼ በጣቴ ጫፍ ላስኩ።

ጎረቤቴ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «ከየት ገዳም የመጣ እምነት ነው?» ብላ በሹክሹክታ መዳፏን ዘረጋች። «ለእኔም ጣል አድርጊልኝ፤ ራሴን ከፍሎኛል።»

እውነቷን ነው። ከገዳም የሚመጣውን የተባረከ አፈር እንዲሁ በነጠላ ጫፍ ነው የምንቋጥረው፤ ሲያመንም እንዲሁ ነው የምንቀምሰው። ዝም ብዬ ብሰጣት ከሐሙስ ጀምራ ያከፈለችው አክፍሎት በእኔ እጅ ይፈርሳል። አለቀ እንዳልላት ቋጠሮው ተፈቶ ፊት ለፊቷ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ከልማድ አመለጠኝ።

«እሱማ ይመስገን፤ አምጪው እንጂ!»

«እምነት አይደለም» አልኳት። «ስኳር ነው። ታምሜያለሁ። ወፍጮ ቤት የወደቅሁት በፀሐይ አይደለም። ያን ቀን በጠዋት ያየሽውም ጭስ ቁርሴ ነው።»

መዳፏ እንደተዘረጋ ቀረ። ስለታም ምላሷን ስጠብቅ፣ እሷ ከንፈሬን ታይ ነበር።

«የሚያምሽ ስኳር ነው?»

«አዎ።»

«የምትልሺውም ስኳር ነው?»

«አዎ።»

«አልገባኝም።»

«እኔም አልገባኝም።»

«ሲመጣብሽ ምን ያደርግሻል?»

ነገርኳት። ጣቱን፣ ላቡን፣ ልቡን፣ የሰው ድምፅ መራቁን ሁሉ። ለባሌ እንኳ እንዲህ ዘርዝሬ ነግሬው አላውቅም። ስጨርስ የዘረጋችውን እጇን ወደ ዓይኗ አቀረበች። ይንቀጠቀጥ ነበር።

«የእኔስ?» አለች።

«አንቺማ ከሐሙስ ጀምሮ አልበላሽም። ስግደቱ ይሆናል።»

«ይሆናል ነው ወይስ ነው?»

«ምን አውቄ?»

ሰዉ እንደገና ጎንበስ አለ። እኛ አልተነሳንም። አራት እጅ ዘርግተን የማን መንቀጥቀጥ ቀድሞ እንደሚቆም እናይ ጀመር። የእኔ ቆመ፤ ስኳሩ ይሁን መቀመጤ፣ ወይስ እውነቱን መናገሬ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የእሷ ግን አልቆመም። ጥቂት አየችውና ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

«ያቺ ነርስሽ» አለች፣ ወደ ሌላ ወገን እያየች፣ «ከፋሲካ በኋላ ትገኛለች?»