የማይሰጡን ኮድ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ። አሌክሳንድሪያ ባለች አንዲት ትንሽ ካምፓኒ፣ አረጋውያን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን አላርም እንሠራለን፤ ሲወድቁ ይጫኑታል፣ ሰው ይደርስላቸዋል። እንሠራለን ስል እንግዲህ ላዩን ነው። ውስጡ ያለውን ቺፕ ከሌላ እንገዛለን፤ ቺፑን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌርም ተቆልፎ ነው የሚመጣልን። የእኛ ነው እንላለን እንጂ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ።

አምና አንድ ችግር አገኘሁ። ቺፑ ኔትወርክ ሲጠፋበት አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደውና በዚያው ይቀራል። ቢጫኑት ቢጫኑት ጥሪው የትም አይደርስም። የሶፍትዌሩን ኮድ ስጡንና እኛው እናርመው ብዬ ለቺፕ ሻጮቹ ኢሜል አደረግኩ። የምትገዙት ትንሽ ስለሆነ አይሰጣችሁም አሉ። እሺ፣ እናንተው አርሙት አልኩ። የቢሮ ሙከራ አይበቃም፣ ከተጠቃሚ የመጣ አንድ ሪፖርት አምጡ አሉ። ሪፖርት ማለት እኮ የወደቀ ሰው ነው! አለቃዬም ሪፖርት ሳይመጣ ሽያጭ አላቆምም አለ። ስጽፍ ስመልስ ወራት አለቁ፤ በቃ ሰለቸኝ።

አክስቴም ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ አንድ አፓርትማ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። አላርሙን ያሰርኩላቸው ችግሩን ሳላውቅ ነው፤ ለማኅበራቸው ሴቶች ሁሉ "ልጄ የሠራው ነው" እያሉ ያሳያሉ። ካወቅሁ በኋላ፣ ተኝቶ የቀረ ቺፕ ጠፍቶ ሲበራ ስለሚነቃ፣ በየጠዋቱ አጥፍተው ያብሩት አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ግን አፍሬ አልነገርኳቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ክንዳቸው አብጧል።

"እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?"

"ምንም አልሆንኩም። በር መታኝ።"

"ኧረ እባክዎ!"

"ማክሰኞ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ወደቅኩ" አሉ። "ተጫንኩት። ደግሜም ተጫንኩት። የሚመጣ የለም። ጎረቤቴ ድምፄን የሰማችው ከሰዓት በኋላ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ነግሬህ ምን ላተርፍ? የሠራው ተበላሸ ብለው እንዲያባርሩህ? ጎረቤቴንም፣ ቻርጅ ሳላደርገው ቀርቼ ነው ብያታለሁ።"

ሻጮቹ ለወራት አምጣ ያሉኝ ያ አንድ ሪፖርት ይኸው፣ የገዛ አክስቴ ሆኖ መጣ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ቺፑ ነው፣ እኔም እያወቅሁ ዝም ብዬ ነው አልኳቸው። የገባቸው አልመሰለኝም። ስልኬን አውጥቼ ሪፖርቱን ለሻጮቹ መጻፍ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

"በሞቴ" አሉኝ፣ "የአክስቴ ጥፋት ነው ብለህ ጻፍ።"