ቬርና «ይወልቃል» ያለችው ጥርስ

ቬርና ላሕቲ ሐኪም አይደለችም። በሚሺጋን ሰሜን ጫፍ፣ የመዳብ ማዕድኑ ተቆፍሮ ባለቀበት ከተማችን፣ በጥርስ ክሊኒኩ ሃያ ስድስት ዓመት ስልክ ስታነሳና ቀጠሮ ስትይዝ የኖረች ሴት ናት። ግን እኛ ጋ ቬርናን ሳይጠይቅ ልጁን ወደ ክሊኒክ የሚያመጣ የለም። እሷ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» ካለች በቃ፣ መኪናውን ከበረዶ ለማውጣት ማን ይደክማል? ሰዉም ውለታዋን በምግብ ይመልሳል፤ ፓስቲ የሚባለው ሥጋና ድንች የተሞላ የሊጥ ጥቅል ከጠረጴዛዋ ጠፍቶ አያውቅም። ሰው የሰጣት ይህ ሹመት ደስ ይላታል። እኔ የሐኪሙ ረዳት ነኝ።

በጥር ጆዲ ስትደውል አጠገቧ ቆሜ ነበር። የሰባት ዓመት ልጇ የኮልተን የኋላ ጥርስ ጠቁሯል።

«እዚያ ቦታ ላይ ወልቆ የተተካ ጥርስ አለ?» አለች ቬርና። ትንሽ አዳመጠች። «ከሌለማ የወተት ነው የኔ ልጅ። ይወልቃል፣ አታስቢ።»

ተሳስታለች። በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተኋላ የሚበቅለው መንጋጋ የማንንም ቦታ ሳይወስድ ነው ብቅ የሚለው። ቋሚ ነው፤ ከወለቀ ወለቀ። ይህን አውቃለሁ። ግን ቬርናን ማን ደፍሮ ያርማል? ሳላርማት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በሚያዝያ ኮልተን ጉንጩ አብጦ መጣ። ጥርሱ የሚተርፍ አልነበረም፤ ተነቀለ። ልጁ ጥጡን እንደነከሰ «አዲሱ መቼ ይበቅላል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጆዲ ቬርና ፊት ስትቆም ዓይኗ ቀልቷል። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ ቬርና። ያኔ የነገሩኝን በደንብ ሳልረዳ ቀርቼ ነው። እርስዎማ አይሳሳቱም። ምን ዓይነት እናት ነኝ!»

ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ቬርና ግን ከወንበሯ ተነሳች፤ አንገቷ ድረስ ቀልታለች።

«በደንብ ነው የተረዳሽኝ ጆዲ። ይወልቃል ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው የዘባረቅኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጆዲ ብዙ አየቻት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ? ያን ቀን አልነበርሽም? ስትነግረኝ አልሰማሽም?»

«አልነበርኩም» አልኩ።

ቬርና ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ተቀምጣ የቀጠሮ መዝገቧን ገለጠች።