አራተኛው መስመር

ሊባርዶ ሆሆዋ ክፉ ሰው ነው የሚለኝ ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። ግትር ነበር፣ እሱን አልክድም። የድንች ገበሬ ልጅ ነው። ፓስቶ ከተማ ወርዶ ኮምፒውተር ተምሮ ተመለሰና ለእኛ ለውልና ማስረጃ ቢሮ ፕሮግራሙን ብቻውን ሠራልን። ከዚያ በፊት የጽሕፈት መኪና ስንቀጠቅጥ ነበር የምንውለው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከሁላችን ቀድሞ ይገባል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነገር ከመስመር ወጣ ብላ ካየ እሷን ሳያስተካክል ምሳ አይበላም።

የእኔ ሥራ ማንበብ ነው። እኛ ዘንድ የመሬት ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጭና ገዢ ባሉበት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ፊደል ያልቆጠረው ብዙ ስለሆነ አንባቢዋን አምኖ ነው የሚፈርመው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺ አንባቢ እኔ ኤልቪያ ነበርኩ። ድሮ ከወረቀቱ ነበር የማነበው። ፕሮግራሙ ከመጣ ወዲህ ግን አለቃችን ወረቀት አታባክኑ አለና ከስክሪኑ ማንበብ ጀመርኩ፤ የሚታተመው ሰዉ ተስማምቶ ካበቃ በኋላ ነው።

የመሬቱ አዋሳኝ የሚጻፍበት ሳጥን ታዲያ ሦስት መስመር ብቻ ነበር የሚያሳየው። ጽሑፉ ከበዛ የቀረው ከታች ይደበቃል፣ ለማየት የኪቦርዱን ቀስት እየተጫኑ መውረድ ነው። ከታች የቀረ ነገር እንዳለ የሚጠቁም ምልክት እንኳን የለውም፤ ሊባርዶ መልኩን ያበላሻል ብሎ አውጥቶታል። የአገራችን አዋሳኝ ደግሞ ከእገሌ አጥር እስከ ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ እስከ ድንጋዩ እያለ መች ያልቃል! ሳጥኑን አስፋልን ብዬዋለሁ፣ አንዴም ሁለቴም አይደለም።

"ዶኛ ኤልቪያ፣ ሳጥኑ ከሰፋ እኮ ከሥሩ ያሉት ሁሉ ከስክሪኑ ይወጣሉ" ይለኛል። "ቀስቷን መጫን ይሄን ያህል ይከብዳል?"

አይከብድም። እጫናለሁ፤ ወረፋ ሲበዛ ግን እረሳለሁ።

ዶኛ ኢሶሊና ቦቲና ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ጉልበታቸው ሲደክም የታችኛውን ማሳ ለጎረቤታቸው ለሴጉንዶ ፒንቻዎ ሊሸጡ ተስማሙ። በቃል የተባባሉት ማሳው ይሸጣል፣ ማሳው ጥግ ያለው ምንጭ ግን የእሳቸው ሆኖ ይቀራል ነው። ላሞቻቸው ሌላ ውሃ የላቸውም። የውሉን ረቂቅ ያመጣው የሴጉንዶ ጠበቃ ነበር። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፣ አግዳሚው ሞልቶ ሰው ቆሟል። ሦስቱን መስመር አነበብኩና ይስማማሉ ወይ አልኳቸው። እግዜር ይስጥሽ ልጄ ብለው አሻራቸውን አኖሩ፤ ወረቀቱንም አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱ።

ወር ሳይሞላ ሴጉንዶ ምንጩን አጥሮ ቆለፈበት። እሳቸው የሱፍ ካባቸውን፣ ሩዋናቸውን ደርበው መጡ። እኔም ቆጣ ብዬ ውሉን ስክሪኑ ላይ ከፈትኩና ስለ ምንጭ የሚል ነገር የለም፣ ሰውዬው ወንበዴ ነው አልኩ። ወረቀቱን ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ። አራተኛው መስመር "ምንጩንና ቦዩን ጨምሮ" ይላል። ቀስቷን ስጫን ስክሪኑ ላይም ብቅ አለ። ክው ብዬ ቀረሁ።

ሊባርዶን አስጠራሁት። አየውና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ሳጥኑ የተጻፈበትን ልክ እየለካ ራሱ ወደ ታች እንዲያድግ፣ ከሥሩ ያሉትም አብረውት እንዲወርዱ አደረገው። የምጠጣው ትኩስ የፓኔላ ስኳር ውሃ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰ። ዓይኑ ቀልቶ "ይህችን ነው አራት ዓመት የከለከልኩዎት" አለኝ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ውሉ ሙሉ በሙሉ ተነቧል ይላል፤ ሊፈርስ የሚችለው አንባቢዋ አልተነበበም ብላ ከመሰከረች ብቻ ነው። አለቃችን ቢሮው አስገብቶኝ በሩን ዘጋ። ጡረታሽ ስንት ቀረው ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ዓመት አልኩት። አንብባ የማትጨርስ አንባቢ ምን ታደርግልኛለች አለና ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ።

ሊባርዶን ማንም አላስገደደውም። ራሱ ቀርቦ ሳጥኑ መስመሩን ደብቆታል፣ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ተነግሮኝም እምቢ ብያለሁ ብሎ መሰከረ። በሳምንቱ አለቃችን አባረረው፤ ፕሮግራሙን የገዙት ሌሎች ቢሮዎችም ደጃቸውን ዘጉበት። በሚቀጥለው ቀጠሮ የሴጉንዶ ጠበቃ ግን አልተበገረም። ሳጥኑ ቢደብቅም ቀስት አለው፣ መጫን አለመጫኗን የምታውቀው አንባቢዋ ናት አለ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ።

ዶኛ ኢሶሊና ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ አለ፣ የእሳቸው ሰው መስያቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀስቷን ተጭኜ ሁሉንም አንብቤያለሁ አልኩ። ዳኛው እርግጠኛ ነሽ ወይ ብለው ደገሙልኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው፣ በሚገባ አልኩ። ምንጩ ለሴጉንዶ ተፈረደ።

ደረጃው ላይ ሊባርዶ ቆሞ ጠበቀኝ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በሰደበኝ።

"እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነበር፣ ዶኛ ኤልቪያ" አለኝና ወረደ።

ከኋላዬ ዶኛ ኢሶሊና ቀስ እያሉ መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ልጄ፣ በከንቱ አንከራተትኩሽ፣ ይቅር በይኝ። ለካ አንቺ አንብበሽልኝ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ጆሮዬ አርጅቷል።"

ምንም አይደለም አልኳቸው።