አስማተኞች ፊደል የቆጠሩበት ግቢ

ሐሙስ ዕለት እኔና እህቴ ቤዛ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ነበር። ከቢሮ እስክትወጣ ጠብቄያት አብረን ወደ ቤት መሄዳችን ነው። ከፊታችን አንድ ትንሽ ልጅ የእናቱን እጅ ይዞ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ ያነባል፤ «ፋ፣ ር፣ ማ፣ ሲ» ይልና ወደ እናቱ ቀና ይላል፣ እናቱ ስልኳን ታያለች፣ እሱም ወደሚቀጥለው ሱቅ ያልፋል። ቤዛ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«አየኸው? አንተ በሱ ዕድሜ ከሀ ካልተነሳህ አንድ ፊደል አይወጣህም ነበር።»

የሰው ገመና ሰልፍ ላይ አይወራም አልኳት።

«ገመና አይደለም ማሙሽ፣ ዜማ ነው» አለችና እስኪያስላት ሳቀች።

ያ የመጨረሻው ተራ ቀናችን ነበር። አርብ ከቀትር በኋላ ቢሮዋ ውስጥ ወደቀች፤ ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። ከልጅነቷ ጀምሮ ልቧን ያማት ስለነበር ሰው «የቆየ ሕመም ነው» እያለ ሊያጽናናን ይሞክራል። ለእኔ ግን አዲስ ነው። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። የምጽፈው ስለ ዜማው ነው፣ ማለቴ ስለ ትምህርት ቤቷ።

ያኔ እሷ አሥር ዓመቷ ነበር፣ እኔ ሰባት። ካሳንቺስ ውስጥ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። ሐኪሙ ቤዛ አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ሳትሄድ እንድታርፍ አዘዘ፤ በየወሩ መርፌ ትወጋለች፣ መሮጥ የለም፣ ገመድ መዝለል የለም። አንዲት ጎረቤት ጊዜ ማሳለፊያ ብላ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አዋሰቻት፤ አስማተኛ ስለሚሆኑ ልጆች የሚተርክ ነው። ቤዛ በሁለት ቀን ጨረሰችውና ታሪኩን ትታ አንድ ጥያቄ ላይ ተጣበቀች። ልጆቹ ትልቁ የአስማት ትምህርት ቤት የሚገቡት ካደጉ በኋላ ነው፤ በገቡ ማግስት ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ይሰጧቸዋል፣ እነሱም ቁጭ ብለው ያነባሉ። ታዲያ ፊደል ያስቆጠራቸው ማነው? ኬጂ የት ገቡ?

ሽንኩርት የምትከትፈውን እማዬን ጠየቀቻት፣ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ ጠየቀችው፣ መርፌ የምትወጋትን ነርስ ጠየቀቻት። የሚያውቅ ጠፋ። ስለዚህ መልሱን ራሷ ሠራችው። የአስማተኛ ልጅም እንደኛ ዩኒፎርም ይለብሳል፣ ክርኑ ሲቀደድ ይጣፍለታል። ሲያጠፋ «ወላጅ አምጣ» ይባላል፤ ችግሩ ወላጁ ተሰውሮ ስለሚመጣ መምህሩ መምጣቱንና መቅረቱን አያውቅም። ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ሚኒስትሪ ይፈተናል፣ የወደቀው የታክሲ ረዳት ይሆናል፤ በአሥራ ሁለት ሰው ቦታ አሥራ ስምንት ሰው ማስገባት የሚችለውም ለዚህ ነው። ይህን ካለችኝ በኋላ ስታዲየም ጋ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ የሚጣራ ረዳት ባየሁ ቁጥር በአክብሮት እመለከተው ነበር።

እኔ የምማርበት እውነተኛው ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ነበረበት። መምህሯ በረጅም ዱላ ገበታውን ትጠቁማለች፣ እኛ በአንድ ድምፅ እናዜማለን፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ የማዜመው እኔ ነበርኩ። ጎበዝ መስዬያት ኖሮ አንድ ቀን ለብቻዬ አስነሥታ «ጡ»ን ጠቆመች። ፊደሉን ማየት ምን ያደርግልኛል፣ እኔ የማውቀው ዜማውን ነው። ከሀ ተነሣሁ። ሀ ሁ ሂ እያልኩ፣ እየተወዛወዝኩ፣ ቸ ላይ ስደርስ የዕረፍት ደወል ተደወለ። በማግስቱ እማዬ ተጠራች። እስከ ሰኔ ማንበብ ካልቻለ አንደኛ ክፍልን ይደግማል ተባለች። የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ መንትዮች፣ ኪዳኔና ኪሮስ፣ የክፍል ጓደኞቼ ነበሩ፤ እነሱ አልፈው እኔ ከትንንሾቹ ጋር ስቀር እየታየኝ ለሁለት ቀን እህል አልበላ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ቤዛ ትምህርት ቤት ከፈተች። ከልብስ ማስጫው ጀርባ፣ ከቧንቧው አጠገብ። ሰልፍ ነበረን፤ ባንዲራችን ልብስ ማስጫው ላይ የተሰጣ ማንኛውም ቀይ ነገር ነው፣ የእትዬ አስካለ የውስጥ ልብስ እስኪሆን ድረስ ማለቴ ነው። የፊደል ገበታዬን አንድ ሳይቀር በመቀስ ቆራርጣ ድስት ውስጥ ከተተችው። እኔ እናቱ እንደሞተችበት ልጅ አለቀስኩ፤ ዜማው ሁሉ ተበጣጥሶ ድስት ገባ። እሷ ግን አስማተኛ አያዜምም አለች። አስማተኛ ያየውን ይጠራል፣ በትክክል የተጠራ ነገር ይመጣል።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት ቁራጭ ድንጋይ ላይ ደረደረችልኝ። ከጠዋት ጀምሬ ወደ ምሳ ሰዓት ግድም «ው» አልኩ፣ ቆየሁና «ሃ» አልኩ። ከጀርባዬ ውሃ መፍሰስ ጀመረ። ዘወር ስል ኪዳኔ ከቧንቧው ጋ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እሱ እንደከፈተው አውቃለሁ፣ ግን አላወቅሁም፤ እንዴት እንደምለው እንጃ። በቃ ሮጬ እጄን ከተትኩበት። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ። «ዳቦ» ሳነብ መጋረጃ ካደረግነው የተሰጣ አንሶላ ሥር ዳቦ ብቅ ይላል። «ሳቅ» ሳነብ መንትዮቹ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። ውሃ በማይመጣበት ቀን ቃሉን አስተካክዬ አንብቤው ቧንቧው ዝም ሲል ልቤ ተሰበረ፤ ቤዛ ሳትደናገጥ «አንተ አልተሳሳትክም፣ ፈረቃ ነው» አለችኝ።

የሚያሰጋው እማዬ ነበረች። «አስማት» የሚለውን ቃል ከመንትዮቹ አፍ ስትሰማ አማተበችና ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ አዘዘች። በዚያው ሳምንት የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩ ቤታችን ሲመጡ ነገሩን በእንባ ነገረቻቸው። እሳቸው ወደ ልብስ ማስጫው ሄዱ፣ ድስቱን አዩ፣ ቁራጮቹን አዩ፣ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ።

«አስማት በግዕዙ ስሞች ማለት ነው» አሏት። «ልጅሽ የነገርን ስም ነው የምታስተምረው። ተያት።»

ሲነሡ ቤዛ ሁለት ቁራጭ ሰጠቻቸው። «ዳቦ» ብለው አነበቡ፣ ዳቦው ከመጋረጃው ሥር መጣላቸው፣ ባርከው እየበሉ ወጡ። እማዬም ፈቀደች፣ ቃሉ ከግቢው እንዳይወጣ በሚል ስምምነት።

ሰኔ ላይ መምህሯ አስነሥታኝ ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፈች። ሳላዜም፣ አየት አድርጌ «በግ» አልኩ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሬ ቆምኩ። መምህሯ ምን እንደምጠብቅ ጠየቀችኝ፤ በጉን አልኳት። አለፍኩ፣ ከስልሳ ልጅ አርባ አንደኛ ወጥቼ። ቤዛም በበኩሏ ካርድ ሰጠችን፤ ሦስት ተማሪዎች ነበርን፣ ሦስታችንም አንደኛ። ኪሮስ ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ ሲከራከራት፣ አስማተኛ ሁለተኛ አይወጣም አለችው።

ግቢው አሁን የለም፤ ሰፊ መንገድና አበባ ሆኗል። ሲፈርስ ብዙም አልከበደኝም ነበር። ቤዛ እዚያ በሄድን ቁጥር ንጣፉ ላይ ቆማ ቧንቧው እዚህ ነበር፣ ድንጋዩ እዚህ ነበር ትላለች፣ እኔ አይደለም ወደዚያ ነው እላታለሁ፣ እንጣላለን። አሁን ቧንቧው የት እንደነበረ የሚከራከረኝ የለም። ድንጋዩ እዚህ ነበር ብል ልክ ነኝ፣ እዚያ ነበር ብልም ልክ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አስከሬኗ ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት የሕይወት ታሪኳ መነበብ ነበረበት። አጎቴ ሲጽፈው አድሮ ነበር፤ ድምፁ አልወጣ ሲለው ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። አልችልም አልኩት፤ ሰው እየጠበቀ ነው አለኝ። ጀመርኩ። የትውልድ ቦታዋን አነበብኩ፣ «ዕድሜዋ ለትምህርት ሲደርስ» የሚለውን አነበብኩ፣ ከዚያ «በሕመም ምክንያት ለአንድ ዓመት ትምህርቷን አቋርጣ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። አጎቴ አነበበልኝ፣ ያልታየኝ መስሎት።

«አይደለም» አልኩ። ሰው ሁሉ ቀና አለ። «አላቋረጠችም። በዚያ ዓመት አስተማሪ ነበረች። ሦስት ተማሪዎች ነበሯት። አንዱ እኔ ነኝ፣ ማንበብ አልችልም ነበር።»

ከሰዉ መሃል ከመንትዮቹ አንዱ በእንባው ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመልሼ የቀረውን እስከ መጨረሻው አነበብኩ።