ለንብ የቀረበ ሎሚ

የትምህርት ቤቱን ጽዳት ሠራተኛ ተማሪዎቹ «እትዬ ቀስ በሉ» ይሏታል። የወለወለችው ወለል ሳይደርቅ ሲሮጡበት «ቀስ በሉ» ማለት የዘወትር ቃሏ ስለሆነ ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። የገዛ ልጇም ትምህርት ቤት ውስጥ እንደዚያው ነው የምትጠራት። ጽዳት ሠራተኛዋ እናቷ መሆኗን ለክፍል ጓደኞቿ አልነገረችም፤ ሴትየዋም «ተይው፣ እኔም አልናገርም» ብላታለች። ደስ ብሏት ሳይሆን ለክርክር ጉልበት አጥታ ነው።

አንድ ቀን ልጆቹ ከወጡ በኋላ ወደ ሳይንስ ክፍል ብትገባ ጠረጴዛው ሁሉ ተጣብቋል፣ የሎሚ ልጣጭ መሬት ለመሬት ተበትኗል። መስኮቱ ላይ ደግሞ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሳህኖች ፈሳሽ ይዘው ተደርድረዋል። ትርፍራፊ መስሏት ደፋችው፤ ሳህኖቹን አጥባ ገልብጣ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ልጅቷ ወሬ ይዛ ጠበቀቻት።

«ነገ የግቢው ንቦች ከየትኛው ሳህን እንደሚጠጡ እናያለን። ቀዩ ሳህን ስኳር ያለው ሎሚ ነው፣ ቢጫው ስኳር የሌለው፣ ሰማያዊው ውሃ ብቻ። ሁሉም ቀዩን ሲሉ እኔ ብቻ ቢጫውን አልኩ።»

«ለምን?»

«ቤታቸው ማር ሞልቶ ስኳር ምን ያደርግላቸዋል? እነሱ ግን ሳቁብኝ። ከተሸነፍኩ ጎምዛዚት ነው የሚሉኝ።»

ሴትየዋ ነገሩን ብታወጣ ብታወርደው የልጇ ሐሳብ ልክ መሰላት፤ ታዲያ ሌሎቹ ለምን ሳቁ? ሳህኖቹን ማጠቧን ግን ትንፍሽ አላለችም።

በማግስቱ ማልዳ፣ ሌላ ሰው ሳይደርስ፣ ቤት የጨመቀችውን ሎሚ፣ ስኳር ያለውንና የሌለውን፣ ይዛ ገባች። ቀዩን ሞላች፣ ሰማያዊው ላይ ውሃ ጨመረች። ቢጫው ላይ ስትደርስ ስኳር የሌለውን መልሳ አስቀመጠችው። ለንብስ ቢሆን ጎምዛዛ ነገር እንዴት ይቀርባል? ልጇም መሸነፍ የለባትም። ለየትኛው ብላ እንደሆነ ራሷም ሳታውቀው፣ ስኳር ያለውን ቢጫውም ላይ ገለበጠችው።

ትምህርት ተጀምሮ ፀሐይ ሞቅ ስትል ንቦቹ መጡ። ቀዩንም ቢጫውንም እኩል ወረሩት። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ አሁንም ያው ነው። ልጅቷ ፊቷ በርቷል። እናቷ መወልወያዋን ተደግፋ በር ላይ ቆማለች።

መምህሩ ቢጫው ውስጥ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ።

«ይሄ እኮ ስኳር አለው» አለ።

«ቲቸር፣ እሷ ናት የጨመረችው!» አለ ከኋላ አንድ አፈኛ ልጅ። «እንዳትሸነፍ ብላ ነው። አጭበርባሪ!»

«እኔ አልነካሁም» አለች ልጅቷ። ተነሥታ እሷም ቀመሰች። ስኳር አለው፣ ቆንጠር ተደርጎ የተጨመረ ጨውም አለው። ሎሚ በጨው የሚጠጣው የማን ቤት እንደሆነ ታውቃለች። ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ።

«እኔ ነኝ» አለች ሴትየዋ። «ትናንት ቆሻሻ መስሎኝ ደፋሁት። ዛሬ መልሼ ሞላሁ።»

«ምን ምን እንደነበረበት በምን አወቁ?» አላት መምህሩ።

ይህን ለመመለስ አልናገርም ያለችውን መናገር ሊኖርባት ነው። መምህሩም ግራ ተጋብቶ አንዴ ሳህኑን አንዴ እሷን ያያል።

«እኔ ነግሬያት ነው» አለች ልጅቷ። «እናቴ ናት።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ።

«እትዬ ቀስ በሉ እናትሽ ናት?» አለ አፈኛው።

«አዎ።»

«ቤትም ቀስ በሉ ትላለች?»

«ስበላ ሁሉ» አለች ልጅቷ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እሷም ሳቀች። ሴትየዋ በማን እንደሚስቁ አልገባትም፤ ክፉ ሳቅ ግን አልመሰላትም።

መምህሩ ሁሉንም እንደ አዲስ አስሞላ። ንቦቹ ቢጫውን ዞር ብለውም አላዩት። ደወሉ ሳይደወል ልጅቷ ጎምዛዚት ተብላ አበቃች።

ማታ ላይ ጎን ለጎን ወደ ቤት ሲሄዱ ሴትየዋ ጠየቀች።

«ማር እያላቸው ግን ስኳሩ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ማሩን የሚሠሩት ጣፋጭ ነገር ወስደው ነው፣ ቲቸር ነገረን።»

«ታዲያ ጨዉ ማሩ ውስጥ ይገባል?»

ልጅቷ ቆማ አሰበች።

«እሱን እንጃ። ነገ ቲቸርን እጠይቅልሻለሁ» አለች። «እናቴ ጠይቂ ብላኛለች እለዋለሁ።»